ከዜሮ በታች 190 ጠርሙስ፦ የቀመር መነሻ ቁጥር ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። በብዛት የምሸጠው የታሸገ ውሃ ነው፤ አንዱን የግማሽ ሊትር ጠርሙስ በ20 ብር እሸጣለሁ። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀትና የሸጥኩትን ጠርሙስ ብዛት ደብተር ላይ ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድሜ ልጅ ኤክሴል ላይ አስገብቶ ‹ሽያጭ = 9 × ሙቀት − 190› የሚል ቀመር አወጣልኝ። ያለፈውን ዓመት የየወሩን ወጪዬንም እንዲሁ ሠርቶ ‹ወጪ = 14 × ጠርሙስ + 6,200 ብር› አለኝ። 9ኙም 14ቱም ገብተውኛል። መጨረሻ ላይ የተቀጠሉት ቁጥሮች ግን ግራ አጋቡኝ። ከዜሮ በታች 190 ጠርሙስ እንዴት ይሸጣል? 6,200ውስ ከየት መጣ? ኪራዬ ብቻ 8,000 ብር ነው እኮ። ሐረር ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት እያሰብኩ ስለሆነ፣ ይህን ቀመር ልመነው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ «አንቺ» እያልኩሽ ልቀጥል።

መጀመሪያ ልጁን ነጻ እናውጣው። አልተሳሳተም። ሁለቱም ቀመሮች ደብተርሽ ላይ ካለው መረጃ በትክክል የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አንቺም የጠየቅሽው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ተማሪ ቤት ይህችን መጨረሻ ላይ ያለች ቁጥር «ኢንተርሴፕት» ብለን «ኤክስ ዜሮ ሲሆን የዋይ ዋጋ» እያልን እንሸመድዳታለን። ፈተና ላይ ሙሉ ማርክ ታሰጣለች። ሱቅ ለማስተዳደር ግን አትበቃም።

እኔ ተማሪዎቼን ቁጥሯን ከማንበባቸው በፊት ሁለት ነገር እንዲጠይቁ አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ይህ «ዜሮ» የተባለው ነገር በእውነተኛው ኑሮ ይኖራል ወይ? ሁለተኛ፣ እኛ የመዘገብነው መረጃ ወደዚያ ዜሮ ተጠግቶ ያውቃል ወይ? ኢንተርሴፕት ስለ ዜሮው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ምስክሩ ቦታው ላይ ካልነበረ፣ ቃሉን የምንሰማው በጥርጣሬ ነው።

እስቲ በውሃው እንጀምር። ዜሮ ዲግሪ ማለት ውሃ በረዶ የሚሆንበት ሙቀት ነው። ድሬ ላይ ያን ሙቀት የምታገኚው ፍሪጅሽ ውስጥ ብቻ ነው። የቀን ከፍተኛ ሙቀት ዜሮ የሆነበት ዕለት በከተማዋ ታሪክ የለም፤ የሚመጣም አይመስልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አይኖርም» ነው። ሁለተኛውን ለመመለስ ደብተርሽን ገልጠሽ ትንሹንና ትልቁን ሙቀት ፈልጊ። በጥርና በመጋቢት መካከል ከሆነ ከ27 እስከ 36 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። መስመሩ የሚያውቀው ይህችን ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ እየገመተ ነው የሚያወራው። ከ27 ወደ ዜሮ መውረድ ደግሞ ከሚያውቀው አገር በጣም መራቅ ነው።

ታዲያ −190 ለምን ተጻፈች? ሥራ ስላላት ነው። 27 ዲግሪ በዋለበት ቀን 9 × 27 ብለሽ ብታባዢ 243 ይመጣል። አንቺ ግን ያን ቀን የሸጥሽው ወደ 53 ጠርሙስ ነው። 190ውን ስትቀንሺ 53 ላይ ታርፊያለሽ። 36 ዲግሪ ላይም 324 ሲቀነስ 190፣ 134 ይሆናል። ስለዚህ የዚህች ቁጥር ሥራ መስመሩን ነጥቦችሽ ወዳሉበት ከፍታ ማውረድ ነው። ስለ በረዷማ ቀን የምታወራው አንዳች ነገር የላትም። ብታወጫት ቀመሩ ይፈርሳል፤ ብቻዋን ብታነቢያት ደግሞ ትርጉም የላትም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው።

ይህን ካላመንሽ አንድ ነገር ሞክሪ። ስልክሽ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ቀይሪውና ልጁ በዚያ ይሥራው። ቀመሩ «ሽያጭ = 5 × ሙቀት − 350» ይሆናል። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ 86 ፋራናይት ነው። 5 × 86 ሲቀነስ 350፣ 80 ጠርሙስ። በአሮጌው ቀመርም 9 × 30 ሲቀነስ 190፣ ያው 80። ሱቅሽ ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ከቦታዋ አልተነሳችም። ኢንተርሴፕቷ ግን ከ−190 ወደ −350 ወረደች። ለምን? የፋራናይት ዜሮ ሌላ ቦታ ስለሆነ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው። መለኪያ በመቀየር ብቻ እንዲህ የምትዘል ቁጥር ስለ ደንበኞችሽ ጠባይ ትነግረኛለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል፤ ዜሮውን የምንመርጠው እኛ ነን። እንግዲያው የማይረባ ዜሮ ይዘን ለምን እንጨነቃለን? ልጁ ከእያንዳንዱ ቀን ሙቀት ላይ 30 ቀንሶ እንደገና ይሥራው። የሚመጣው ይህ ነው፦ «ሽያጭ = 80 + 9 × (ሙቀት − 30)»። መስመሩ ያው መስመር ነው፤ አልተነካም። አሁን ግን መነሻዋ 80 ናት። ትርጉሟም አፍ አውጥታ ትናገራለች፤ 30 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ወደ 80 ጠርሙስ እሸጣለሁ፣ ከዚያ በላይ ለምትጨምር ለእያንዳንዷ ዲግሪ 9 ጨምሬ አቀዘቅዛለሁ፣ ከዚያ በታች ለምትወርደው 9 እቀንሳለሁ። ማታ ስልክሽ ላይ የነገን ሙቀት አይተሽ ፍሪጅ ለመሙላት ይህ ይበቃሻል። ደብተርሽ ሽፋን ላይ የሚጻፈው ይህኛው ቀመር ነው።

አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ ቀመሩን ገልብጦ «ሽያጩ ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው?» ይላል። 190 ለ9 ሲካፈል 21 ዲግሪ ገደማ ነው። «እንግዲህ ከ21 ዲግሪ በታች ውሃ አይሸጥም» ሊልሽ ነው። አትስሚው አቦ! ሰው በብርድም መድኃኒት ይውጣል፣ መንገድ ይሄዳል፣ ለእንግዳ ውሃ ይገዛል። መስመሩ ወደ ታች ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ መጠምዘዝና ጠፍጣፋ መሆኑ አይቀርም። እዚያ አካባቢ ቀን ስላልመዘገብሽ ብቻ ነው ጥምዝዙ ያልታየው።

ይህ የሩቅ ዜሮ ጉዳይ የሱቅ ብቻ እንዳይመስልሽ የራሷን የድሬዳዋን ሕዝብ ቁጥር ላሳይሽ። በ1987ቱ ቆጠራ ገጠሩን ጨምሮ የአስተዳደሩ ሕዝብ 251,864 ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ 341,834 ሆነ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል መስመር አስምሪ። በዓመት ወደ 7,500 ሰው ይጨምራል። እስከዚህ መልካም ነው። ኢንተርሴፕቷን ስታወጪ ግን ከዜሮ በታች 14.6 ሚሊዮን ሰው ትላለች። «ዜሮ» የተባለው እዚህ ላይ ዜሮ ዓመተ ምሕረት ነዋ! ያኔ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም።

አስቂኙ ነገር አላለቀም። ይህንኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ብትሠሪው ቆጠራዎቹ 1994 እና 2007 ላይ ይውላሉ። ልዩነቱ 13 ዓመት ይሆንብሻል፤ በእኛ 12 ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ ጥቅምት፣ ሁለተኛው ግንቦት ላይ ስለተደረገ ነው፤ እውነተኛው ልዩነት 12 ዓመት ከመንፈቅ አለፍ ይላል። ስለዚህ ዓመታዊ ጭማሪው ወደ 6,900 ይወርዳል። ኢንተርሴፕቷም ከዜሮ በታች 13.5 ሚሊዮን ትሆናለች። አቆጣጠር በመቀየር ብቻ አንድ ሚሊዮን የማይኖር ሕዝብ ሄደ መጣ። በዓመት የምትጨመረዋ ቁጥር የተነቃነቀችው በጥቂት መቶ ሰው ነው። ኢንተርሴፕቷ ግን ያችን ትንሽ ስህተት ወደ ሁለት ሺህ በሚጠጋ ዓመት አባዝታ መለሰችልን።

በመስመሩ ወደ ኋላ ብትሄጂ ደግሞ 1953 ዓ.ም. ገደማ ድሬዳዋ ላይ አንድም ሰው አልነበረም ይልሻል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የገባው በ1895 ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909። የሲሚንቶ ፋብሪካው የተተከለው በጣሊያን ጊዜ ነው። በ1953 ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ሲጨዋወቱ የነበሩት ሰዎች ይህን መስመር ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? መድኃኒቱ ያው ነው። ዓመቱን ከ1987 ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ኢንተርሴፕቷ 251,864 ትሆናለች። የተቆጠረ፣ የታወቀ ሕዝብ።

አሁን ወደ ወጪሽ እንምጣ። ይኼኛው ሌላ ዓይነት ነው። «ዜሮ ጠርሙስ የተሸጠበት ወር» ሊኖር ይችላል። ታምመሽ፣ ወይ ለቅሶ ሄደሽ ሱቁን ብትዘጊ ወሩ ዜሮ ነው። አከራይሽ ግን ዜሮ አይልሽም። ስለዚህ እዚህ ኢንተርሴፕቷ ስም አላት፤ ቋሚ ወጪ ትባላለች። ሸጥሽም አልሸጥሽም የምትከፍዪው ገንዘብ ናት። ዜሮው እውነተኛ ስለሆነ ቁጥሯን በቁም ነገር ልንጠይቃት መብት አለን። አንቺም የጠየቅሽው ልክ ነው፤ ኪራዩ ብቻ 8,000 ከሆነ እንዴት 6,200 ትላለች?

ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ርቀት ነው። በሙቀቱ መዝገብሽ ስገምተው በወር የምትሸጪው 2,500 ጠርሙስ ገደማ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለው ወር ወደ 1,900፣ በሙቀቱ ወደ 3,400 ይሆናል። ዜሮ አካባቢ ግን አንድም ወር የለሽም። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ መሐሉን ይዘሽ በትንሹ ብታጋድዪው፣ እጅሽ አጠገብ ያለው ክፍል ምንም አይነቃነቅም፤ ጫፉ ግን ግድግዳ ሊመታ ይችላል። መስመርም እንደዚያ ነው። 2,500 ጠርሙስ ላይ ቀመርሽ 41,200 ብር ይላል። በዚያው ነጥብ ላይ የሚያልፍ፣ ግን ለጠርሙስ 14 ብር ሳይሆን 13 ብር ከ20 የሚል መስመር ብናሰምር ኢንተርሴፕቷ 8,200 ትሆናለች። 14 ብር ከ80 ብንል 4,200። በአንድ ጠርሙስ የ80 ሳንቲም ልዩነት እዚያ ዳር ላይ 2,000 ብር ያነቃንቃል። በአንድ ዓመት መዝገብ፣ ማለትም በአሥራ ሁለት ነጥብ፣ 80 ሳንቲም መሳት ምንም አይደለም። ስለዚህ ልጁ 6,200 ብቻ ብሎ ሊተውሽ አይገባም ነበር። ኤክሴል ላይ «ሪግሬሽን» የሚለውን ትንተና ቢጠቀም ከኢንተርሴፕቷ ጎን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ይሰጠዋል። ወሰኑ ሰፊ ሆኖ 8,000ን በውስጡ ቢይዝ አልደነቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የንግድሽ ጠባይ ነው። ብዙ በምትሸጪባቸው ወራት ምን ምን እንደምትጨምሪ አስቢ። ተላላኪ ልጅ ትቀጥሪያለሽ? በረዶ ከውጭ ትገዣለሽ? ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ መብራት አይበላም? እነዚህ ወጪዎች የሚመጡት በሙቀቱ ወራት ብቻ ነው። በቀዝቃዛው ወር የሉም። መስመሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያየው ሽያጭ ሲበዛ ወጪ አብሮ መዝለሉን ነው። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ላይ አቅንቶ ይይዘዋል። የቀኝ ጫፉ ከፍ ሲል የግራ ጫፉ፣ ማለትም ኢንተርሴፕቷ፣ ትወርዳለች። ከኪራይሽ 1,800 ብር የጎደለው የትም አልጠፋም። በእያንዳንዷ ጠርሙስ ላይ ተበታትኖ በ14ቱ ውስጥ ተደብቋል።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ የምታውቂውን ነገር መስመር አትጠይቂው። ኪራይሽን ታውቂዋለሽ፤ ውሉ እጅሽ ላይ ነው። ከየወሩ ወጪ ላይ 8,000ውን ቀንሺና የቀረውን ብቻ ከጠርሙሱ ጋር አስተያዪው። በአማካዩ ወር 41,200 ሲቀነስ 8,000፣ 33,200 ይቀራል። ለ2,500 ሲካፈል 13 ብር ከ28 ሳንቲም ነው። ይህ የአንድ ጠርሙስ እውነተኛ ወጪሽ ግምት ነው፤ ጅምላ ሻጩ ከሚያስከፍልሽ ዋጋ ጋር አወዳድሪውና መብራትና ጭነት ታክሎበት ያስኬድ እንደሆነ እይ።

ልዩነቱ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። በልጁ ቀመር ብትሄጂ ከጠርሙስ 6 ብር ስለምታተርፊ በወር 1,033 ጠርሙስ ስትሸጪ ወጪሽን ሸፈንሽ ማለት ነው። በተስተካከለው ግን የምታተርፊው 6 ብር ከ72 ነው፤ የምትሸፍኚው 8,000 ነው፤ የሚያስፈልግሽ 1,190 ጠርሙስ ነው። ከ150 ጠርሙስ በላይ ልዩነት። ሽያጭ ከወትሮው በጣም በቀዘቀዘበት ወር በትርፍና በኪሳራ መካከል ያለችው ይህች ልትሆን ትችላለች።

አሉታዊ ኢንተርሴፕት ሁሉ የማይረባ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ አንድ ሌላ ልጨምር። የውሃ ሒሳብ አስቢ። ለምሳሌ ያህል የቆጣሪ ኪራይ 30 ብር ነው እንበል፤ የመጀመሪያው 5 ሜትር ኩብ በ10፣ 10 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ20፣ 20 ብር ይሁን። ሁልጊዜ ከ5 በላይ የሚጠቀም ቤተሰብ ቢሎቹን ሰብስቦ መስመር ቢያሰምር «ሒሳብ = 20 × ሜትር ኩብ − 20» ያገኛል። ውሃ ባትጠቀሙ 20 ብር እንሰጣችኋለን የሚል መሥሪያ ቤት የለም። ዜሮ ብትጠቀሚ የሚመጣብሽ 30 ብር ነው። በ30 እና በ−20 መካከል ያለው 50 ብር ግን እውነተኛ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው 5 ሜትር ኩብ ላይ የተደረገልሽ ቅናሽ ነው። እዚህ ላይ አሉታዊዋ ቁጥር «መስመሩ ወደ ዜሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይታጠፋል» ብላ ጠቆመችን። የሚገርም ኢንተርሴፕት ስታዪ ቶሎ «ስህተት ነው» አትበዪ። መታጠፊያ ካለ ፈልጊ።

አንዳንዴ ደግሞ የሩቁ ዜሮ ራሱ ወርቅ ሆኖ ይገኛል። ግፊቱ ሳይቀየር ጋዝ ሲቀዘቅዝ መጠኑ በቀጥታ መስመር ይቀንሳል። መስመሩን ወደ ታች ብትቀጥዪው መጠኑ ዜሮ የሚሆነው −273.15 ዲግሪ ላይ ነው። የትኛውም ጋዝ እዚያ ሳይደርስ ፈሳሽ ወይም ጠጣር ይሆናል። ሆኖም በሳይንቲስቱ በሎርድ ኬልቪን ስም የሚጠራው የሙቀት መለኪያ ዜሮውን ያደረገው ይህችኑ የቅዝቃዜ ጥግ ነው። ያ መስመር ሲታመን የአንቺ የማይታመነው ለምንድን ነው? ከጋዙ መስመር ጀርባ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ከአንቺ መስመር ጀርባ ያለው የሳቢያን ሰው ጥም ነው። ጥም ቀጥ ብሎ ለመሄድ ማንንም ቃል አልገባም።

ልጁ ኤክሴል ላይ «ኢንተርሴፕት ዜሮ ይሁን» የምትል ሳጥን አይቶ ከሆነ፣ እንዳይነካት። «አሉታዊ ሽያጭ አይኖርም፤ ስለዚህ ከዜሮ እናስነሳው» ማለት ያጓጓል። ውጤቱን ግን ላሳይሽ። መስመሩ ከዜሮ እንዲነሳ ስታስገድጂው ስሎፑ፣ ማለትም ሙቀቱን የምናባዛበት ቁጥር፣ ከ9 ወደ 3 ገደማ ይወርዳል። 27 ዲግሪ ላይ 80 ጠርሙስ ትሸጫለሽ ይልሻል፤ አንቺ የምትሸጪው 53 ነው። 36 ላይ 107 ይላል፤ አንቺ 134 ትሸጫለሽ። በቀዝቃዛው ቀን ፍሪጅሽ ሞልቶ ያድራል፤ ሰው በጥም በሚቃጠልበት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ትሆኛለሽ። የማትሄጂበትን ዜሮ ለማሳመር ብለሽ የምትኖሪበትን ሙቀት አበላሸሽው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሶፍትዌር እንዲህ ሲደረግ መስመሩ ከነጥቦቹ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የምትነግረውን፣ «አር ስኩዌር» የምትባለዋን ቁጥር ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ርቀትን ከአማካይ ሳይሆን ከዜሮ ስለሚለካ ነው። ተማሪ በዚህ ይታለላል። ኪራዩን 8,000 ብለን ስናስገባው ግን ማስገደድ አልነበረም፤ የተፈረመ ውል አለን።

የቀረችው ሐረር ናት።

ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የሐረር ቀን ከድሬ አራት አምስት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚጠበቅ ነው። በነገራችን ላይ ይህም መስመር ነው፤ ዜሮውም ባሕር ጠለል ነው፣ ጅቡቲ። የድሬን አማካይ ወደ 25 ዲግሪ ይዘሽ ወደ ዜሮ ከፍታ ብትወርጂ 33 ያህል ይመጣል። የጅቡቲ ከተማ ዓመታዊ አማካይ ግን ወደ 30 ነው። ዜሮው እውነተኛ ቦታ ነው፤ ሰው ይኖርበታል። ያም ሆኖ መስመሩ ሦስት ዲግሪ ያህል ሳተ፤ ባሕር ዳር ያለ አየር የራሱ ጠባይ አለው።

ሐረር ላይ የተለመደውን ቀን 25 ዲግሪ ብንለው የድሬ ቀመርሽ 35 ጠርሙስ ይላል። አትመኚው። አንደኛ፣ 25 ዲግሪ ደብተርሽ ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ድሬ ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን ጃኬት የሚፈልግ ሰው አለ፤ ሐረር ላይ ግን የተለመደ ጥሩ ፀሐያማ ቀን ነው። ያው ሙቀት ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ጥም ያመጣል። ሦስተኛ፣ የሐረሩ ሸዋ በር ገበያ አካባቢ ብትከፍቺ ለገበያ የሚመጣው ሰው ብዛት ከሳቢያን ሰፈር በጣም ይበልጣል።

ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሸዋ በር ያለ የምታውቂው ባለሱቅ ለጥቂት ሳምንት ቢመዘግብልሽና የሐረሩ ቀመር «ሽያጭ = 9 × ሙቀት − 165» ቢሆን እንበል። −165 ብቻዋን ትርጉም የላትም። −190ም የላትም። ልዩነታቸው ግን አለው። ስሎፖቹ እኩል ስለሆኑ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በየትኛውም ሙቀት ላይ የሐረሩ ሱቅ በ25 ጠርሙስ ይበልጣል ማለት ነው። ሙቀቱን እኩል አድርገን ስናይ ቦታው ብቻውን የሚያመጣው ልዩነት ይህ ነው። ፋራናይት ብትይው፣ 30 ብትቀንሺ፣ ይህች 25 አትነቃነቅም። ስሎፖቹ እኩል ካልሆኑ ግን ይህ ንባብ አይሠራም፤ ልዩነቱ በየዲግሪው ስለሚቀያየር በ25 ዲግሪ ላይ ቆመሽ ነው ማወዳደር ያለብሽ።

አሁን ገንዘቡን እንየው። የሐረሩ ኪራይ 9,000 ብር ቢሆንና ከጠርሙስ 6 ብር ከ70 ብታተርፊ፣ ወጪሽን ለመሸፈን በወር 1,343 ጠርሙስ፣ በቀን 45 ያህል መሸጥ አለብሽ። ውሃውን ሽቅብ ሐረር ድረስ ማድረስ የሚጨምረውን ሳንቆጥር ነው ይህ። በድሬ ቀመር የመጣው 35 ነው፤ በየወሩ 2,000 ብር ገደማ ከኪስሽ ይወጣል። ምሳሌ ባደረግነው የሐረር ቀመር 60 ነው፤ ወደ 3,000 ብር ይተርፍሻል። ስለዚህ የሐረሩን ውል ከመፈረምሽ በፊት የዚያን ባለሱቅ መዝገብ በእጅሽ አስገቢ። ሲመዘግብልሽም ቀዘቀዝ ያሉትን ቀናት እንዳይዘላቸው ንገሪው፤ የጎደሉሽ እነሱ ናቸው።